የነቁጥ በር ሁለት ነጥብ

ከዛጋ ወንዝ ተሻግሮ ወደ አምባው የሚወጣ መንገደኛ ገደሉን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ግራና ቀኙ ቋጥኝ የሆነ፣ የተጫነ በቅሎ ጎኑን ሳይፈተግ የማያልፍበት ጠባብ በር ያገኛል። በሩ ነቁጥ በር ይባላል፤ ከበሩ በላይ ያለችው መንደርም በዚሁ ስም ትጠራለች። ነቁጥ ማለት ነጥብ ማለት ነው። የዚች መንደር ሰው በአንድ ነገር ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይለያል። ሌላው አገር በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ መተው ከለመደ ቆይቷል፤ ነቁጥ በር ግን እስከ ዛሬ ሁለት ነጥብ ሳያደርግ አይጽፍም። የሠርግ መጥሪያም ቢሆን፣ የእድር ማስታወቂያም ቢሆን፣ የወፍጮ ቤት ታፔላም ቢሆን ሁለቱ ነጥቦች ከየቃሉ ኋላ አይጠፉም። ከተማ ወርዶ ነጥብ የሌለበት መጥሪያ አሳትሞ የመጣ ሙሽራ ቢኖር፣ አማቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው በእስክሪብቶ ነጥቡን አንድ በአንድ ካልጨመሩበት በቀር ወረቀቱ ለሰው አይታደልም። አዲስ የመጣ መምህር «ይህ እኮ ድሮ ቀርቷል» ሲላቸው ሽማግሌዎቹ አይቆጡም፤ ወደ በሩ ይዘውት ይወርዱና፣ ቋጥኙ ጥላ ሥር አስቀምጠው የሚከተለውን ይነግሩታል።

ነገሩ የሆነው መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጉ በነበረበት ዘመን ነው ይባላል፤ በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ግን የሚስማማ የለም። በዚያ ዘመን አምባውን የሚገዙት ደጃዝማች ድልነሳሁ ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቆላ ደግሞ ፊታውራሪ ሽበሺ የሚባሉ ሰው ይገዙት ነበር። ጠባቸው በምን እንደ ተጀመረ የሚያውቅ የለም። አንዱ በግጦሽ ነው ሲል፣ ሌላው በአንድ ግብዣ ላይ በተሰነዘረ ስድብ ነው ይላል። ጠቡ የቱን ያህል ደም እንዳፈሰሰ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይናገራል።

እንደሚነገረው፣ አንድ ጊዜ የፊታውራሪ ሽበሺ ሰዎች የደጃዝማቹን አሽከሮች ልብስ ለብሰው ወደ በሩ ወጡና «ጌታችን ልከውን ነው፣ ክፈቱልን» አሉ። የበሩ ጠባቂዎች ቃሉን አምነው ከፈቱ። የገቡት ሰዎች ጎራዴያቸውን መዘው ጠባቂዎቹን አንድ በአንድ አረዷቸው፤ ራሳቸውንም እየቆረጡ ወደ ገደሉ ወረወሩት። ከታረዱት አንዱ የበሩ አለቃ የባሻ ጓንጉል ታናሽ ወንድም ነበር። ባሻ ጓንጉል በዚያ ቀን ወደ ላይኛው መንደር ወጥቶ ስለ ነበር ተረፈ። ተመልሶ ሲመጣ የወንድሙን ሬሳ በእጁ ቀለበት ለየው፤ ራሱን ፍለጋ ግን በገመድ ገደሉን ወረደ፣ ከጅብ ቀድሞ አገኘው፣ በጋቢው ጠቅልሎ በጀርባው አዝሎ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም ይባላል።

ደጃዝማች ድልነሳሁም ብድሩን ሳይመልሱ አልቀሩም። ጦራቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩና፣ ሰው የተሸሸገበትን የእህል ጎተራ ሁሉ በእሳት አያያዙት። ከእሳቱ የወጣውን በጦር ወጉት፤ ያልወጣው እዚያው ነደደ። የጭሱ ሽታ አምባው ድረስ ወጥቶ፣ የአምባው ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሰነበቱ። ሽበሺ በተራቸው የደጃዝማቹን ልጅ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ከጠበል ስትመለስ መንገድ ላይ ማረኳት፤ አጃቢዎቿን እዚያው አስጨረሷቸው። ልጅቱ መጀመሪያ እንደ ምርኮኛ ተያዘች፤ ኋላ ግን የፊታውራሪው የበኵር ልጅ ገላነው ወደዳት፣ እርሷም ወደደችው፣ በወግ ተጋቡ። አባቷ ይህን በሰሙ ጊዜ ልጃቸው የሞተች ይመስል ፀጉራቸውን ተላጩ።

የጠባቂዎቹ መታረድ በአምባው ላይ አንድ ሕግ አመጣ። ደጃዝማቹ «ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ በር ላይ በአፍ የመጣ ቃል አይታመን፤ የእኔ ማኅተም ያለበት ጽሕፈት ካልመጣ በቀር ልጄም ቢሆን አይለፍ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ባሻ ጓንጉል በልጅነቱ ድቁና ጀምሮ የተወ ሰው ስለ ነበር፣ እየቆጠረም ቢሆን ማንበብ ይችላል። ጽሕፈቱን የሚጽፈው ደግሞ አለቃ ጽጌ የሚባል የደጃዝማቹ ጸሐፊ ነበር።

የአለቃ ጽጌን እጅ የሚያህል በአገሩ አልነበረም ይባላል። ፊደሉ እንደ ተሰደረ ዶቃ ነው። ነገር ግን ልማዱ ልዩ ነበር፤ በቃልና በቃል መካከል ነጥብ አያደርግም። ከዳር እስከ ዳር ፊደሉን አያይዞ ይደፍነዋል። ነጥብ ማድረግ የተማሪ ሥራ ነው፣ የተማረ ሰው ቃሉን ራሱ ይለየዋል እያለ ለደቀ መዛሙርቱም ያስተምር ነበር። በዚያ ወራት ድፍን ጽሕፈት የሊቅነት ምልክት ሆኖ፣ ነጥብ የሚያደርግ ሁሉ እንደ ጀማሪ ይሳቅበት ጀመር። የአምባው ደብር አረጋዊ መነኵሴ አባ ኅሩይ ብቻ ይህን አልወደዱለትም። ቃል እንደ ሰው ነው፣ መቆሚያ ይፈልጋል እያሉ ደጋግመው መከሩት። እርሱ ግን ሽማግሌውን እያከበረ እጁን አልለወጠም።

ከብዙ ደም በኋላ ሰው ሁሉ ሰለቸው። አባ ኅሩይ የአምባውንና የቆላውን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ መስቀል ይዘው በሁለቱ ጦር መካከል በወንዙ ዳር ድንኳን ተከሉ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ከማዶ በኩል አማቷን እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምን ከረመች ይባላል። በመጨረሻ ሁለቱ መኳንንት ከአንድ መስቀል ሥር ቀርበው ማሉ። ከማዶ የሚመጣ ሰው በአምባው ላይ ላይተኩስ፣ የአምባውም ሰው በማዶ ሰው ላይ ላይተኩስ ተማማሉ። የእርቁ ድግስ አምባው ላይ እንዲሆን፣ የማዶዎቹ ሽማግሌዎችና ሴቶች ከገላነውና ከሚስቱ ጋራ መሣሪያ ሳይዙ ቀድመው እንዲወጡ፣ መኳንንቱም ወታደሮቻቸውን አስከትለው፣ በበቅሎ ሆነው ጎን ለጎን እንዲከተሉ ተስማሙ።

ደጃዝማቹም ለበሩ ጠባቂ ጽሕፈት እንዲላክ አዘዙና ቃሉን በአፋቸው ተናገሩ። አለቃ ጽጌ ብጣሽ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። የጻፈውም እንዲህ ነበር ይባላል፦

«ከማዶየሚመጣሰውላይተኩስተማምለናል»

አባ ኅሩይ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብለው አዩትና «ነጥቡስ?» አሉት።

«አባቴ፣ ነጥብ የዕውር መሪ ነው። ለሚያይ ሰው ምን ያደርግለታል?» አለ አለቃ ጽጌ፤ ማኅተሙንም አስመትቶ ደምለው ለሚባል መልእክተኛ ሰጠው። ሽማግሌው ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ድንኳኑ በእልልታ ተሞላና ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እስኪሞቱ ድረስ ሲጸጸቱበት ኖሩ ይላሉ።

ደምለው ገደሉን ወጥቶ ብራናውን ለባሻ ጓንጉል ሰጠው። ባሻ ጓንጉል ማኅተሙን አገላብጦ አየ፣ ሳመው፣ ከዚያም በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። «ከማዶ የሚመጣ ሰው» የሚለውን ያለ ችግር አገኘው። ከዚያ በኋላ ጣቱ ቆመ። እንደ ገና ጀመረና «ሰው ላይ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ተኩስ» አለ። ቀና ብሎ ነፍጠኞቹን አያቸውና ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከማዶ የሚመጣ ሰው ላይ ተኩስ፣ ተማምለናል ብሎ አነበበላቸው።

ከነፍጠኞቹ አንድ አዛውንት ማንና ማን ነው የተማማለው ብለው ጠየቁ። ባሻ ጓንጉል ደጃዝማቹና መኳንንታቸው የማዶዎቹን ሊፈጁ ተማምለው ነዋ አላቸው። ደምለው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ታርቀዋል እኮ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መስቀል መትተው ሲምሉ ነበርሁ ብሎ እግሩ ላይ ወደቀ። ባሻ ጓንጉል ግን ፊቱ አልተለወጠም።

«ወንድሜን ያሳረደው አፍ ነው፤ እኔ የማምነው ይህን ነው» ብሎ ብራናውን አሳየው። ደምለው ተነሥቶ ወደ ታች ሊሮጥ ሲል አስያዘው፤ እጅና እግሩን በጠፍር አሳስሮ፣ አፉንም ጨርቅ አስጎረሰው። ነፍጠኞቹም በቋጥኙ ግራና ቀኝ ተኝተው ቃታ ይዘው ጠበቁ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል የማዶ ሰዎች እየዘፈኑ መጡ። ሽማግሌዎቹ ቀድመዋል፣ ሴቶቹ ከፀሐዩ የተነሣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል፣ የጠጅ ጋን የተጫኑ በቅሎዎች መካከል ገብተዋል። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው ተጠግቶ ነው የሚሄደው። የፊተኞቹ ወደ በሩ አፍ እስኪደርሱ ባሻ ጓንጉል ታገሠ፤ ከዚያም «ተኩስ!» አለ።

የመጀመሪያው ተኩስ ሽማግሌዎቹን ጣላቸው። ወደ ኋላ የሸሸው ከተከታዩ ጋራ ተጋጨ፤ የቆሰሉ በቅሎዎች ሰው እየረገጡ ተወራጩ፤ ጋኖቹ ተሰብረው ጠጁ ከደሙ ጋራ በድንጋዩ ላይ ወረደ። ጥይታቸውን የጨረሱት ጦራቸውን ይዘው ወረዱና የወደቀውን ወጉ። ከገደሉ ጫፍ የተገፉት ጩኸታቸው እየራቀ እየራቀ ሄደ። ገላነው ባዶ እጁን ዘርግቶ ሚስቱን ከኋላው ሸሸጋት፤ ጥይቱ ግን በደረቱ ገብቶ እርሷንም አገኛት። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በባሏ ሬሳ ሥር ሆና ቀና አለችና፣ በአባቷ ግቢ በሕፃንነቷ አቅፎ ያሳደጋትን ሰው በድምፁ አወቀችው።

«ጋሼ ጓንጉል፣ እኔ ነኝ» አለች።

ሰምቷታል የሚሉ አሉ። ጭሱና ጩኸቱ አላሰማውም የሚሉም አሉ። ከነፍጠኞቹ የአንዱ ጦር እዚያው አንገቷ ላይ አረፈ።

ሁለቱ መኳንንት ከታች ሆነው ተኩሱን ሲሰሙ፣ በመጀመሪያ ለደስታ የተተኮሰ መስሏቸው ነበር። ጩኸቱ ሲመጣ ግን ፊታውራሪ ሽበሺ ጎራዴያቸውን መዝዘው ደጃዝማቹን መቷቸው። ምቱ ከጆሯቸው እስከ ትከሻቸው ወረደ። ደጃዝማች ድልነሳሁ ከበቅሏቸው አልወደቁም፤ ሰይፋቸውንም አልመዘዙም። «ልጄም እዚያ ናት» ብቻ ብለው ደማቸውን እያዘሩ ሽቅብ ጋለቡ። ሽበሺም ጎራዴውን እንደ ያዙ ተከተሏቸው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ባሻ ጓንጉል ከሬሳው መካከል ወደ ፊት ወጥቶ እጅ ነሣና ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ አላቸው። ደጃዝማቹ ሬሳውን እያገላበጡ ሄደው ከገላነው ሥር ልጃቸውን አገኟት። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ሲገልጡት ባሻ ጓንጉል አየ። ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ቁጭ አለ። ነፍጡ ከእጁ ወድቆ በድንጋዩ ላይ ተንከባለለ።

ደጃዝማቹ ማን አዘዘህ አሉት። ብራናውን አውጥቶ ሰጣቸው። እርሳቸው ማንበብ አያውቁምና አለቃ ጽጌ ተጠራ። አለቃ ጽጌ በሬሳ ላይ እየተረማመደ መጥቶ ብራናውን ተቀበለ፤ ከማዶ የሚመጣ ሰው ላይተኩስ ተማምለናል ብሎ አነበበ። የፊታውራሪ ሽበሺ ቄስ ከተከታዮቹ መካከል ነበሩና ብራናውን ከእጁ ነጠቁት፤ እርሳቸውም በጣታቸው ተከትለው፣ ከማዶ የሚመጣ ሰው ላይ ተኩስ ብለው አነበቡ። ያው ፊደል ነው። አንድ ሆሄ እንኳ አልተለወጠም። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፤ የሚሰማው የቆሰሉት ማቃሰት ብቻ ነበር።

ከዚያ አለቃ ጽጌ ያደረገውን ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነግሩት። ብራናውን ከቄሱ እጅ መልሶ ወሰደ፣ ብርዑን ከመታጠቂያው አወጣ፣ የቀለም ቀንዱ ግን መንገድ ላይ ወድቆበት ነበር። ተንበረከከና ብርዑን በድንጋዩ ላይ በወረደው ደም ነክሮ፣ «ሰው» ከሚለው ቃል ኋላ አንድ ነጥብ ከላይ፣ አንድ ነጥብ ከታች አደረገ። ሁለተኛዋን ነጥብ ሲያሳርፍ ከማዶ ወታደሮች አንዱ፣ ወንድሙ እዚያ የወደቀበት፣ በጦር ከኋላው ወጋው። የጦሩ ጫፍ በደረቱ ወጣ። አለቃ ጽጌ በጻፈው ላይ ተደፋ።

ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ነፍጥ ተነሣ። ሊተላለቁ አንድ ትንፋሽ ሲቀራቸው፣ ባሻ ጓንጉል ከተቀመጠበት ተነሥቶ በባዶ እጁ ወደ ፊታውራሪ ሽበሺ ሄደ፤ ልብሱን ከትከሻው ጥሎ፣ አንገቱን ሰጥቶ ተንበረከከ።

«ግደሉኝ ጌታዬ። ሁለት ዓይነት መነበቡን አላወቅሁም አልልዎትም። ጣቴ ቆሞ ነበር። የፈለግሁትን ነው ያነበብሁት» አላቸው።

ሽበሺ ጎራዴውን አነሡ። ከመምታታቸው በፊት ግን ለምን ፈለግህ ብለው ጠየቁት። ባሻ ጓንጉል በዚህ በር ላይ ስለ ታረደው ወንድሙና ከገደል ስላወጣው ራስ ነገራቸው። ሽበሺ ጎራዴው ከራሳቸው በላይ እንደ ተሰቀለ ብዙ ቆዩ ይባላል። የልጃቸው ሬሳ ከፊታቸው ነው፤ የሚያዩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

«በጌታችሁ ስም ዋሽቼ በሩን ያስከፈትሁት እኔ ነኝ። እዚህ በር ላይ የሰው አፍ ታምኖ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ መልእክተኛው ይበቃ ነበር» አሉ፤ ጎራዴውንም ወደ ገደሉ ወረወሩት።

ደጃዝማች ድልነሳሁም በቆሰለው ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ በሽበሺ እግር ሥር ተንበረከኩ። ጎተራው ውስጥ ስለ ነደዱት ሰዎች ይቅርታ የጠየቁት በዚያ ቀን ነው። ሽበሺ ድንጋዩን ከትከሻቸው አነሡላቸው፤ ከዚያም ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸውን በአንድ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደብሩ ወጡ። ወታደሮቹም ነፍጣቸውን ትተው ሬሳ ማንሣት ጀመሩ፤ የማዶዎቹን ሟቾች የአምባው ሰውና የማዶው ሰው ተቀባብለው ተሸከሙ። ደምለውን ከእስራቱ የፈቱት በመጨረሻ ነው ይላሉ፤ አፉ ከተፈታ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ ትንሽ ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት አልተመለሰም። አባ ኅሩይ በአርባው ቀን ሕዝቡን ሰብስበው፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለቱን ነጥብ የማያደርግ እጅ በዚህ አምባ እንዳይጽፍ ገዘቱ። በአለቃ ጽጌ እጅ የተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ከዕቃ ቤት ወጡና ደቀ መዛሙርቱ እያለቀሱ ነጥብ አገቡባቸው። ዛሬም ደብሩ ውስጥ አሉ የሚባሉትን ጥንታውያን መጻሕፍት ያየ ሰው፣ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ነጥቦቹ ብቻ ቀይ እንደ ሆኑ፣ ነጥቡንም ያደረገው ሌላ እጅ እንደ ሆነ ይናገራል። ያቺን ብጣሽ ብራና ግን ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጋራ ቀበሯት ይባላል።

ባሻ ጓንጉል ወደ ቤቱ አልተመለሰም። መሣሪያ አልያዘም፤ መጽሐፍም አላነበበም። ከበሩ ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ ገደሉን ለሚወጣ መንገደኛ ሁሉ፣ ይልቁንም ከማዶ ለሚመጣው፣ ውኃ እያቀበለ አርጅቶ ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ከበሩ በታች ተቀበረ። አለቃ ጽጌ ቀደም ብሎ ከበሩ በላይ ተቀብሮ ነበር። በሁለቱም መቃብር ላይ መንገደኛው ድንጋይ እየጣለ ሁለት ክብ ክምር ሆኑ። ከማዶው ሸንተረር ቆሞ ወደ አምባው የሚያይ ሰው፣ በገደሉ ፊት አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ያያቸዋል፤ በሩም መካከላቸው ነው።

ዛሬ ነፍጠኛም ጠባቂም የለም፤ በሩም መዝጊያ ካጣ ብዙ ዘመኑ ነው። ሆኖም ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ሰው፣ ለገበያም ይምጣ ለለቅሶ፣ ከታችኛው ክምር ጋ ሲደርስ ቆሞ «ሰው!» ብሎ ይጣራል። ከላይ የሰማው፣ እንጨት የምትለቅም ሴትም ብትሆን፣ ሥራዋን አቁማ «ይግባ!» ትላለች። ይህ መልስ ሳይመጣ ማንም አይንቀሳቀስም። ሰው ባይኖር እንኳ መንገደኛው አንድ ትንፋሽ ያህል በዝምታ ቆሞ ነው ወደ በሩ የሚገባው።